የእማማ ቲቪ ቤዝመንት ነው ያለው

አሜሪካ ውስጥ የትልልቆቹ ጣቢያዎች የድሮው አናሎግ ስርጭት ተዘግቶ በዲጂታል ሙሉ በሙሉ የተተካው አርብ ጁን 12 ቀን 2009 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ። ያኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሆም ኬር እሠራ ነበር። አረጋውያን ቤት እየሄድኩ አጥባለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ የመድኃኒት ሰዓት አስታውሳለሁ፣ ሐኪም ቤት አደርሳለሁ። የምንከባከባቸው ሰዎች ግማሾቹ ፈረንጆች፣ ግማሾቹ የእኛው እናቶችና አባቶች ነበሩ። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ግን ኤጀንሲው የማያውቀው፣ የማይከፍልበትም ሌላ ሥራ ተጨመረብኝ። ቲቪ ማስተካከል።

ይህን አሁን ያነሳሁት ሰሞኑን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዲት ልጅ «የእናቴ ቲቪ እንደገና ሊቆም ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ስለጠየቀች ነው። ሰው ተረባርቦ መለሰላት። «ኬብል ካላችሁ አያገባችሁም፣ ተዪው።» ይህችን መልስ አውቃታለሁ። በ2008ም በየቲቪው፣ በየፖስታው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትነገር የነበረችው እሷው ናት። ውሸት አይደለችም። ግን ስንቱን ሰው እንዳዘናጋች በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ የተባለው እንዲህ ነው። ኬብል ወይም ሳተላይት ካለህ ምንም አታድርግ። ዲጂታል መቀበያ ያለው አዲስ ቲቪ ካለህ አንቴና ብቻ ይበቃሃል። አሮጌ ቲቪ በአንቴና የምታይ ከሆነ ሳጥን ግዛ። ከማርች 1 ቀን 2007 ወዲህ አገር ውስጥ የሚገባ ቲቪ ሁሉ ዲጂታል መቀበያ እንዲኖረው ሕግ ወጥቶ ስለነበር አዲስ የገዛ ሰው ብዙም አይጨነቅም። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው።

የእኛ ሰው ቤት ግን ቲቪ አንድ አይደለም። ሳሎን ትልቁ ጠፍጣፋ ቲቪ አለ። እሱ ኬብል አለው። እሱ የልጆቹ ነው። እታች ቤዝመንት ወይም ጓዳ ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ የእማማ ቲቪ አለ። ሆዱ ወደ ኋላ የወጣ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ጠፍጣፋው ሲገዛ ከሳሎን ወርዶ የቀረ። ኬብሉን እዚያ ድረስ ለማውረድ ኩባንያው በየወሩ ተጨማሪ ስለሚያስከፍል ልጆቹ ትተውታል። ላዩ ላይ ባለ ሁለት ቀንድ አንቴና ተቀምጧል። አንዱ ቀንድ ጫፉ ላይ ፎይል ተጠቅልሎበታል።

እና «ተዘጋጅታችኋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ «አዎ፣ ኬብል አለን» ይላል። አልዋሸም። ቤቱ ተዘጋጅቷል። እማማ ግን አልተዘጋጁም።

ቲቪ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ደግሞ ማን ነው? ሁለት ሥራ የሚሠራው ልጅ አይደለም። ሳሎን ያለው ጠፍጣፋ እስከ ማታ ጠፍቶ ይውላል። እማማ ናቸው የሚያዩት። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም የቲቪ ፍርድ ቤቷ ዳኛ ስትቆጣ ማን እንደጠፋ ያውቃሉ። የአየር ሁኔታ ካርታውን አይተው «ዛሬ ጃንጥላ ያዢ» የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። መኪና የማይነዱ፣ ጎረቤት የማያናግሩ፣ ክረምት ሲገባ ለሳምንታት ከቤት የማይወጡ ሰዎች ናቸው። ያ ቲቪ ከጠፋ ቤቱ ውስጥ የሚናገር ነገር የለም።

መንግሥት ያዘጋጀው ነገር ክፉ አልነበረም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ደውሎ ወይም በኢንተርኔት ሞልቶ እስከ ሁለት ኩፖን መጠየቅ ይችል ነበር። እያንዳንዱ የ40 ዶላር ነው። በኩፖኑ የሚገዛው ኮንቨርተር ቦክስ የሚሉት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ዲጂታሉን ሞገድ ተቀብሎ አሮጌው ቲቪ በሚገባው መንገድ ያቀብለዋል። ዋጋው እንደየሱቁ ከ40 እስከ 80 ዶላር ይደርሳል። ሁለቱን ኩፖን ደርቦ አንድ ሳጥን መግዛት ክልክል ነው። ገቢህ ስንት ነው፣ ወረቀት አለህ ወይ የሚል የለም።

ችግሩ ኩፖኑ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ኩፖኑ ወረቀት ሳይሆን ቀይ ፕላስቲክ ካርድ ነበር። ክሬዲት ካርድ ነው የሚመስለው። አንዲት እናት በፖስታ ሲመጣላቸው አልነካውም አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ዕዳ ነው። አገሩ በካርድ ነው ሰውን የሚያስረው» አሉኝ። ከፓስፖርታቸውና ከሟች ባለቤታቸው ፎቶ ጋር ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበት ኖሯል። ካርዱ ከተላከ በ90 ቀን ይቃጠላል። ሳየው ጊዜው አልፏል። በዚያን ጊዜ በተቃጠለ ኩፖን ምትክ ሌላ አይሰጥም ነበር። እሳቸው ግን «ገላገለን» ነው ያሉት፣ ዕዳው የተሰረዘላቸው መስሏቸው።

ሌላም ነበር። ኩፖኑ የሚታደለው በቤት፣ በአድራሻ ነው። እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ ዙሪያ ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰው ክፍል ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የመጀመሪያው ጠያቂ ሁለቱን ወስዶ ያልቃል። አረጋውያን መኖሪያ ተቋም ውስጥ ያሉትን ደግሞ ደንቡ ሲጀመር ጭራሽ አያውቃቸውም ነበር፤ በ2008 መገባደጃ ነው ተሻሽሎ እነሱም እንዲያገኙ የተደረገው። ከሁሉ በላይ ቲቪ የሚያይ ሰው የሚኖረው እዚያ መሆኑን ደንቡን ያወጣው ሰው አላሰበውም መሰለኝ።

ወሬውስ! «ከእንግዲህ ቲቪ በክፍያ ሊሆን ነው» ያለው ብዙ ነው። አገር ቤት ለቴሌቪዥን በየዓመቱ ይከፍሉ የነበሩ ሰዎች ስለሆኑ አልፈርድባቸውም። «ሳጥኗ ውስጥ ካሜራ አለ» ያሉም ነበሩ። አንድ ጋሼ ሳጥኗን በመሀረብ ሸፍነዋት አገኘሁ። ሪሞቱ አልሠራ ሲላቸው ነው የጠሩኝ። መሀረቡን አነሳሁ፣ ሠራ። ቲቪው እየታየ መሀረቡን መለሱት።

ከወሬው የባሰው ሻጭ ነው። አንዲትን እናት ልጃቸው አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዟቸው ሄደ። ስሙን አልጠራም። ኩፖኑን እያሳዩት ሻጩ «ሳጥኑ አልቋል፣ ለነገሩ አያዋጣችሁም፣ አዲስ ቲቪና ኬብል ነው የሚያስፈልጋችሁ» ብሎ በብድር አዲስ ቲቪ አስፈርሞ ሰደዳቸው። የ50 ዶላር ጉዳይ የዓመት ክፍያ ሆነ። በሳምንቱ እዚያው ሰፈር ሌላ ሱቅ ገብቼ ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አየሁት።

መጀመሪያ የተቆረጠው ቀን ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 ነበር። ሰው ደግሞ ሰው ነው፣ የመጨረሻዋን ሳምንት ይጠብቃል። ገና ለገና ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲጠይቅ ለኩፖን የተመደበው ገንዘብ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ገደቡ ላይ ደረሰ። የተመደበው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ የጠየቀ ወረፋ ተባለ። ወረፋው በሚሊዮን ተቆጠረ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ሥልጣን በያዙ ገና በሦስት ሳምንታቸው፣ ፌብሩዋሪ 11፣ ቀኑን ወደ ጁን 12 የሚያዛውረውን ሕግ ፈረሙ። ከኢኮኖሚ ማነቃቂያው ገንዘብ ላይም 650 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ። ኩፖን የተቃጠለባቸውም እንደገና መጠየቅ ቻሉ። የመሳቢያዋ እናት ሁለተኛ ካርድ የመጣላቸው ያኔ ነው። ይህን ጊዜ ልጃቸው እስኪያነበው ሳልጠብቅ ይዤያቸው ወደ ሱቅ ሄድኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ግርግር ለምን እንደመጣ ለአረጋውያኑ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ዲጂታል ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ከ52 እስከ 69 ያሉት ቻናሎች የነበሩበት አየር ነፃ ወጣ። ከፊሉ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሬዲዮ ተሰጠ፤ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ በጣም ሲጠየቅ የነበረ ነገር ስለሆነ ቅር አይለኝም። የቀረው በ2008 ለስልክ ኩባንያዎች በጨረታ ተሸጠ፣ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። አየሩን በ19 ቢሊዮን ሸጦ ለእማማ 40 ዶላር፣ ያውም በ90 ቀን የሚቃጠል። ቢያንስ አንድ ገጣጣሚ ሰው ቢልኩላቸው ምን ነበረበት እላለሁ እስከ ዛሬ። በአንዳንድ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሳይቀሩ ቤት ለቤት እየሄዱ ሳጥን ገጥመዋል። እኛ ጋ ግን የሚመጣው እኔና እኔን መሰል ሠራተኞች ነበርን።

መግጠሙ ራሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የአንቴናውን ሽቦ ከቲቪው ጀርባ ትነቅላለህ፣ ሳጥኑ ላይ ትሰካለህ። ከሳጥኑ ሌላ ሽቦ ወደ ቲቪው ትወስዳለህ። ቲቪውን ቻናል 3 ላይ ታደርገዋለህ። ሳጥኑን ስካን ታስደርገዋለህ፣ ማለት ያሉትን ጣቢያዎች ፈልጎ እንዲመዘግብ ታዘዋለህ። አለቀ። በጣም ያረጁት ቲቪዎች ክቡን ሽቦ የሚቀበል ቀዳዳ ስለሌላቸው፣ ሁለት ብሎን ላይ የሚታሰር ማገናኛ ሬዲዮ ሻክ ከሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እገዛ ነበር። ከባዱ ቲቪውን ከግድግዳ ማላቀቅ ነው። ከጀርባው ያልወጣ ነገር የለም። መቁጠሪያ፣ የጠፋ መነጽር፣ የፋሲካ ዳቦ ፍርፋሪ።

የሚቀጥለው ነው ሥራ። ሪሞት።

ሳጥኑ የራሱ ሪሞት አለው። ቲቪውም የራሱ አለው። ቲቪውን የሚያበራው የቲቪው ነው። ሳጥኑን የሚያበራው የሳጥኑ ነው። ቻናል የሚቀየረው በሳጥኑ ብቻ ነው። ቲቪው ዕድሜ ልኩን 3 ላይ መቀመጥ አለበት። እማማ እንደለመዱት የቲቪውን ሪሞት አንስተው 4ን ከተጫኑ ቲቪው ከሳጥኑ ይለያይና ሹሹሹ ይላል፣ ስክሪኑ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ከዚያ 5ን ይጫናሉ፣ ሹሹሹ። 7፣ ሹሹሹ። ከዚያ «ዲጂታሉ ተበላሸ» ብለው አጥፍተውት ይቀመጣሉ። ልጃቸው ማታ ሲመጣ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ «ነገ አየዋለሁ» ይላል። ነገ ደግሞ ነገ ነው። አንዲት እናት በዚህ መንገድ ቲቪያቸው ሙሉ በሙሉ እየሠራ ሳምንት ያለ ቲቪ ተቀምጠዋል። ኩፖን ወስደዋል፣ ሳጥን ገዝተዋል፣ ተገጥሞላቸዋል። መንግሥት በሚቆጥረው ቆጠራ እኒህ ሴት «የተዘጋጁ» ናቸው።

መላው ፕላስተር ነበር። የቲቪውን ሪሞት ከማብሪያው በቀር ያለውን ቁልፍ ሁሉ በወፍራም ፕላስተር ሸፈንኩት። የሳጥኑን ማብሪያ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁ። ቻናል ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርጉትንም በሌላ ቀለም። ከፓስታ ካርቶን ቆርጬ በትልልቁ በአማርኛ ጻፍኩ፦ «መጀመሪያ ጥቁሩን ሪሞት፣ ማብሪያውን። ቀጥሎ ትንሹን ሪሞት፣ ቀዩን። ጥቁሩን ወዲያ ያኑሩት።» ካርቶኑን ቲቪው ላይ በመርፌ ቁልፍ ከዳንቴሉ ጋር አያያዝኩት። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ሁለቱን ሪሞት ጎን ለጎን አስቀምጬ በእጃቸው ደጋግመን ተለማመድነው። «አንቺ ልጅ፣ አውሮፕላን ልታስነጂኝ ነው?» ይሉኛል። ከዚያ ግን ለጎረቤት የሚያስተምሩት እሳቸው ሆኑ።

ነጥቧም አለች። ዲጂታል ሲመጣ ቻናል 4 ብቻ መሆኑ ቀርቶ 4.1፣ 4.2 እየተባለ ይሄዳል፤ አንድ ጣቢያ ባንድ አየር ላይ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ያስተላልፋል። እሱን ለማስረዳት አልደከምኩም። «ከታች ወደ ላይ ይጫኑ፣ የወደዱት ሲመጣ ያቁሙ» ነበር ትምህርቴ።

ያልተነገረን ሌላው ነገር የሲግናሉ ጠባይ ነው። አናሎግ ታጋሽ ነበር። ሥዕሉ ቢደበዝዝም ድምፁ ይሰማል፣ ሰውየው ሁለት ሆኖ ቢታይም ይታያል። የእኛ ሰዎች በዚያ የተካኑ ናቸው። አንቴናውን ይዞ «አሁንስ? አሁንስ?» እያለ ጣሪያ ላይ ያልቆመ የአዲስ አበባ ልጅ ማን አለ? ዲጂታል ግን መሀል የለውም። ወይ የሰውየው ጢም ይቆጠራል፣ ወይ ሥዕሉ ስታክ አድርጎ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፣ ወይ ጭራሽ የለም። ቤዝመንት ደግሞ መሬት ውስጥ ነው። ጡብና አፈር መሀል። ረጅም ሽቦ ገዝተን አንቴናውን ከፍ ወዳለችው ትንሽ መስኮት ስናወጣው ብቻ ነው የያዘልን። ያም ቢሆን ፌብሩዋሪ ላይ በደንብ የያዘው ጁን ላይ አልይዝ አለ። ዛፉ ቅጠል አወጣ። ሞገዱ እርጥብ ቅጠል አይወድም። ቀኑ ከክረምት ወደ በጋ ሲዛወር ይህን ያሰበው ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ አንቴና ሳዞር ከረምኩ።

ለነገሩ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ታይቷል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዊልሚንግተን የምትባል ከተማ ለሙከራ ተመርጣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2008 እኩለ ቀን ላይ አናሎግ ተዘጋባት። ከዚያ በኋላ ስልክ የደወሉት ሰዎች አብዛኞቹ ቀኑን ያውቁ ነበር። ያስቸገራቸው ሳጥኑና አንቴናው ነው። ማስታወቂያው ግን ከዚያም በኋላ ዋና ነገሩ ቀኑን መንገር ነበር። ቀኑን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል።

ጁን 12 ደረሰ። ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ትልልቅ ጣቢያዎች የዚያን ዕለት ነው የዘጉት። ስልኬ ማታ መጮኽ ጀመረ። የሚገርመው የደወሉት ያልተዘጋጁት አይደሉም። ሳጥን ከገጠምኩላቸው ወር ያለፋቸው ናቸው። «7 ጠፋ። 9 ጠፋ።» ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች እስከዚያ ቀን ድረስ ዲጂታላቸውን የሚያስተላልፉት ከፍ ባለው የዩኤችኤፍ ሞገድ ላይ ነበር። አናሎጉ ሲዘጋ ወደ ድሮ ቦታቸው፣ ዝቅ ወዳለው የቪኤችኤፍ ሞገድ ተመለሱ። ሳጥኑ ደግሞ የሚያስታውሰው የበፊቱን ቦታ ነው። እንደገና ስካን ማድረግ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሳጥን በአንድ ስካን አይሰማም፤ አንቴናውን ነቅለህ ባዶውን ስካን አስደርገህ የድሮውን ታስረሳዋለህ፣ ከዚያ መልሰህ ሰክተህ እንደገና ታስደርገዋለህ።

ያም ሆኖ 7ና 9 እምቢ ያሉበት ቤት ነበር። ምክንያቱ አንቴናው ነው። ሱቆቹ «ዲጂታል አንቴና» እያሉ የሸጧቸው አንዳንዶቹ ትንንሽ ጠፍጣፋና ክብ ነገሮች ለዩኤችኤፍ ብቻ የተሠሩ ናቸው። 7ንና 9ን ለመያዝ የሚበጀው ያ የድሮው፣ ባለ ሁለት ቀንዱ፣ ፎይል የተጠቀለለበት ነው። ዲጂታል አንቴና የሚባል የተለየ ፍጥረት የለም። ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ቀንዳሙን ወርውረውታል። እማማ ግን አንዱን ከአልጋ ሥር ደብቀው አቆይተውት ነበር። ስሰካው 7 መጣ፣ 9 መጣ። እልል ነው ያሉት። ልጃቸው ላይ የሳቁት ሳቅ አልረሳውም።

የቀረም ቀርቷል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቲቪ ለመብራት መጥፊያ የሚያስቀምጡ ፈረንጆች ነበሩ፣ እሷ ዕቃ ሆና ቀረች። በቪሲአር አንዱን ቻናል እየቀዱ ሌላውን ማየትም ቀረ። በኬብል ፐብሊክ አክሰስ፣ ማለት ነዋሪው ራሱ ፕሮግራም በሚያቀርብበት ቻናል፣ የሚተላለፉትን የሀበሻ ፕሮግራሞች ሳጥኑ ያመጣል ብለው የጠበቁም ነበሩ። አያመጣም። እነሱ ኬብል ውስጥ ብቻ ናቸው።

የመጣው ግን ደግሞ ብዙ ነው። በእኛ አካባቢ ኤምኤችዚ የሚባል የሕዝብ ጣቢያ በተጨማሪዎቹ ቻናሎች የየአገሩን ዜና ያስተላልፍ ነበር። በዚያው በጋ፣ ጁላይ ላይ፣ አልጀዚራ እንግሊዝኛ በነፃ በአንቴና መታየት ጀመረ። መሀረብ ያለበሱት ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ጠዋት ስገባ ስለ ሱዳንና ስለ ሶማሊያ ማብራሪያ ይሰጡኛል። ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። መሀረቧ ግን እስከመጨረሻው አልተነሳችም፤ ለሪሞቱ ብቻ ጥግ ላይ ትንሽ ገለጥ አድርገውላታል።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ለእህቴ ስልክ ደውዬ ይህን ሁሉ ስተርክላት ሳቀችብኝ። «እኛ እኮ ድሮ ጨርሰናል» አለች። እውነቷን ነው። የእሷ ቤት ከአየር ላይ አንቴና አልፎ ዲሽና ሪሲቨር ከገባ ቆይቷል። አፍሪካና አውሮፓ በ2006 ጄኔቫ ላይ በተደረገው ስምምነት አናሎግን እስከ ጁን 17 ቀን 2015 እንዲያቆሙ ቀን ተቆርጦ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቀኑን ሳይጠብቅ፣ ኩፖንም ሳይሰጠው፣ በራሱ ኪስ ዲሽ ገዝቶ ነው የተሻገረው። በኋላ ቻናሎቹ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ እህቴ ዲሽ ሠሪ አስጠርታ አቅጣጫውን ማዞር ግድ ሆነባት። ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል፣ እሷ ከታች «ትንሽ መልሰው» ትላለች። ሳቁ የእኔ ተራ ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ። ኤቲኤስሲ 3.0 ወይም ኔክስትጄን ቲቪ የሚባል አዲስ የስርጭት ዓይነት መጥቷል። ዛሬ በአንቴና የምናየው ዲጂታል የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ አዲሱን የድሮው ቲቪ አይረዳውም። የጣቢያዎቹ ማኅበር ኤንኤቢ በፌብሩዋሪ 2025 ስርጭትን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለኤፍሲሲ ጥያቄ አቀረበ። በ55ቱ ትልልቅ የስርጭት አካባቢዎች የዛሬው ዲጂታል በፌብሩዋሪ 2028፣ በቀሩት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2030 ይዘጋ የሚል ነው። ዋሽንግተን ከ55ቱ አንዷ ናት። ጥያቄ ነው እንግዲህ፣ ጥያቄ ሕግ አይደለም። ስለዚህ ለእናትሽ ዛሬ ምንም አትግዢ። በተለይ ኢንተርኔት ላይ «3.0 ሳጥን» ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ አትመኚ። አንዳንዶቹ ጣቢያዎች አዲሱን ስርጭታቸውን ቆልፈውት ነው የሚልኩት፣ መክፈቻ ፈቃድ የሌለው ሳጥን ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው የሚያሳይሽ።

ዛሬ ማድረግ የምትችሉት አንድ ነገር አለ። እናታችሁ የሚያዩትን ቲቪ፣ የሳሎኑን ሳይሆን የእሳቸውን፣ ወርዳችሁ ከጀርባው ሽቦውን ተከተሉት። ግድግዳ ውስጥ ከገባ ወይም ወደ ኬብል ሳጥን ከሄደ አርፋችሁ ተቀመጡ። አንቴና ላይ ካበቃ ግን፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ኬብል ቢኖር እሳቸውን ይመለከታቸዋል፣ ወሬውን ተከታተሉላቸው። በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነም ሪሞቱን ማን እንዳስተማራቸው ጠይቁ። ግራ የገባው ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ ግሩፑ ላይ አለሁ። የቲቪውን ፊት እያነሳችሁ አትላኩ፣ ምን አደርገዋለሁ? ጀርባውን።